የሊንሴይ ፈረንሳዮች

ሰኞ፣ ማርች 2፣ 1992

ነርሷ ጆይስ፣ «የሚበላውን፣ የሚተኛበትን፣ የሚያስቸግረውን ነገር ሁሉ ጻፊልኝ» አለችኝ። እሺ፣ እንጻፍ።

በላ፦ ግማሽ ሳህን ገንፎ፣ ሙዝ፣ የዱባ ሾርባ። ተኛ፦ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል። የሚያስቸግረው፦ እኔ ምን አውቃለሁ? እሱ እንደሆነ አይናገርም።

ባለቤቴን ሊንሴይን ስትሮክ የመታው ለገና ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ቀኝ እግሩ ይጎተታል። ቀኝ እጁ እንደተጨበጠ ቀርቷል፤ ማታ ማታ ጣቶቹን አንድ በአንድ ካላላቀቅኳቸው አይከፈቱም። ንግግሩ ጭራሽ ጠፋ። «ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል» አለ ሐኪሙ። በዚህ ዓይነትማ እኔም ሐኪም ነኝ።

ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤቱ ካንቲን ሳንድዊች እሠራለሁ። እስክመለስ ሊንሴይ መስኮቱ ሥር ወንበሩ ላይ ብቻውን ይቆያል። ስሄድ ባስቀመጥኩት ቦታ ስመለስ አገኘዋለሁ። እንደ ዕቃ። ይህን ለጆይስ አላሳያትም።

ረቡዕ፣ ማርች 4

ሜርቪን መጣ፤ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የከተማችን የአልቨርስቶን ፖስታ አመላላሽ ነበር። ከሊንሴይ ጋር ሠላሳ ዓመት ተዋግተዋል። የምር ጠብ አይደለም። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ የስካውቶቹ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የፕላስቲክ ወታደር ደርድረው፣ በሜትር እየለኩ፣ ዳይስ እየጣሉ፣ ሰው የረሳውን ጦርነት እንደገና ይዋጋሉ። እኔ ስንቅ አቀባይ ነኝ።

ለዘንድሮ ፋሲካ ፈረንሳይና ፕሩሲያ በ1870 የተዋጉትን ሊዋጉ ተቀጣጥረው ነበር። ሜርቪን በጀርመኖቹ በኩል፣ ሊንሴይ በፈረንሳዮቹ። ሊንሴይ ደግሞ የተዘጋጀ ወታደር መግዛት ነውር ይመስለዋል። የልጆች መጫወቻ የሆኑትን የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወታደሮች በካርቶን ገዝቶ፣ እየቆረጠ እየቀጠለ ፈረንሳይ ያደርጋቸዋል። ቆባቸው ይመሳሰላል አሉ። የኋላው በረንዳ ላይ፣ ጀምሮ እንደተዋቸው ተቀምጠዋል።

ሜርቪን ሻዩን አማስሎ አማስሎ፣ «ቬርና፣ ቅር አይበልሽና፣ የፈረንሳዮቹን ሣጥን ብወስደውስ? ከተጫዋቾቻችን ትሬቨር ይጨርሳቸዋል። ፋሲካ እየደረሰ ነው» አለ።

ሊንሴይን አየሁት። ግድግዳውን ያያል። የሞተ ሰው ዕቃ የምናከፋፍል መሰለኝና ደሜ ፈላ።

«ሊንሴይ ራሱ ይጨርሳቸዋል» አልኩ።

«በምኑ?»

«በግራ እጁ ነዋ! ጀምሯል እኮ።»

ሜርቪን ሊንሴይን አየ። ከዚያ እኔን አየ። «እንግዲያው ጥሩ» ብሎ ብስኩቱን አነሳ።

ነጭ ውሸት ነው። ሊንሴይ በግራ እጁ ማንኪያ እንኳ እንዲይዝልኝ እየለመንኩት ነው። ምን ነካኝ?

ቅዳሜ፣ ማርች 7

ሣጥኑን ከፈትኩት። አንገታቸው የተቀላ፣ እጃቸው የተቆረጠ፣ ቆባቸው ብቻ የቀረ። ሊንሴይ የጨረሳቸው ግን ሌላ ነገር ናቸው። አዲሱን ጭንቅላት በስፒል ሰክቶ ይተክላል። የኮቱን ጫፍ በሶፍትና በኮላ ይሠራል፣ ሲደርቅ ጨርቅ ይመስላል። የተጠቀለለውን ብርድ ልብስ ከስቱኮ ሠርቶ ሻንጣቸው ላይ ይለጥፋል። ይህን ሁሉ ከጥፍሬ ብዙም በማይበልጥ ሰው ላይ! ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው ስኖር አንዱንም ቀረብ ብዬ አላየሁትም።

አንዱን አጠገቤ አቁሜ እየኮረጅኩ ጀመርኩ። ምላጩ አውራ ጣቴን በላው። የጦርነቱ የመጀመሪያ ቁስለኛ እኔ ነኝ።

እሑድ፣ ማርች 8

ሮዝሊን ከብሪዝበን ደወለች። «እማ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው መጦሪያ ውስጥ ክፍል ሊለቀቅ ነው» አለች። ሊለቀቅ ነው ማለት አንድ ሰው ሊሞት ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ብሎ የሚናገረው ግን የለም። መልሱን ከፋሲካ በፊት ይፈልጋሉ። እሷም ያን ጊዜ ትመጣለች።

«አባትሽ እኮ ቤቱ ነው ያለው» አልኳት።

«እማ፣ አባዬ ወንበሩ ላይ ነው ያለው።»

ልጄ ክፉ አይደለችም። እኔም ታምሜ አልጋ ላይ እንዳልወድቅ ፈርታ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሦስት ፈረንሳዮች ገደልኩ፤ አንገታቸውን ጠምዝዤ ማለቴ ነው።

ማክሰኞ፣ ማርች 10

በብሩሽ መቀባቱ አላልቅ ቢለኝ ከጋራዡ የመኪና ስፕሬይ ቀለም አመጣሁና ሃምሳውንም ባንዴ ረጨኋቸው። ቆንጆ ሆኑ። ጎበዝ ነኝ።

ረቡዕ፣ ማርች 11

አልደረቁም። ሙጫ ሆነዋል።

ሐሙስ፣ ማርች 12

ዛሬም አልደረቁም። እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ የድመቷ ጠጉርም ተጣብቆባቸዋል። የሕፃን ፓውደር ነሰነስኩባቸው። አሁን ዱቄት ፋብሪካ የዋሉ ይመስላሉ። ሊጠፋ የነበረው ጦር ውጊያ ሳይገባ በእኔ እጅ ጠፋ። መቼም እኔን ያገኘ ጦር ጠላት አያስፈልገውም።

ለሜርቪን ደወልኩ። «ሊንሴይ የሚጠይቅህ ነገር አለ» አልኩት።

«ሊንሴይ?»

«አዎ። ቀለሙ ለምን አይደርቅም ይላል።»

«ስፕሬይ ረጭቶባቸው ነው?»

«የመኪና።»

«ሊንሴይ ነው የረጨው?»

«አልኩህ እኮ።»

«ሊንሴይ አዲስ አባል ሲመጣ ገና ስሙን ሳይጠይቅ “ስፕሬይ እንዳትነካ” ነው የሚለው።»

«እንግዲህ ረሳዋ!»

«ሰው ይረሳል» አለ ሜርቪን፣ በጣም በቀስታ። «በነጭ ኮላ ደራርቦ ይቀባቸው በይው። ኮላው ሲደርቅ ሙጫውን ይሸፍነዋል። የቀሩትን ደግሞ አስቀድሞ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጠባቸው፤ ፕላስቲኩ ከፋብሪካ ቅባት ይዞ ነው የሚመጣው። ደግሞ ቬርና...»

«አቤት?»

«ለሊንሴይ አይዞህ በይልኝ።»

ሰኞ፣ ማርች 16

ኮላው ሠራ! አርባ ስድስቱ ተረፉ። አራቱን ከድመቷ ጠጉር ጋር ቀበርኳቸው።

በላ፦ አንድ ቁራጭ ሥጋ፣ የተፈጨ ድንች። ዛሬ ማንኪያውን ራሱ ያዘ። ደስ አለኝ፤ ግን ማንኪያ መያዝ ለመጦሪያዎቹ መልስ አይሆንም።

ሐሙስ፣ ማርች 19

ቸኩያለሁ። የፒጃማው እጅጌ ላይ ቀይ ነገር። የቲማቲም ስጎ ነው። ሦስት ጊዜ አጠብኩት፣ አልለቅ አለ። ምን ዓይነት ስጎ ነው የሚሸጡልን?

እሑድ፣ ማርች 22

ካንቲን ውስጥ ዓርብ ዕለት የሰማሁት ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። ከመጋዘኑ በር ኋላ ነበርኩ። አንዷ፣ «ባሏ እንደዚያ ሆኖ ተቀምጦ ጥፍሯን ቀይ ትቀባለች» አለች። ሌላዋ፣ «ምን ታድርግ፣ ገና ሴት ናት እኮ» ብላ ሳቀች።

የፈረንሳይ እግረኛ ሱሪ ቀይ ነው። ጥፍሬ ሥር የገባው እሱ ነው። ወጥቼ ልነግራቸው አስቤ ነበር። «ጥፍሬን አይደለም፣ ወታደር ነው የምቀባው» ስላቸው ፊታቸው ምን እንደሚመስል ሳስበው ይልቅ ጥፍር ቀባች ቢሉኝ ይሻለኛል አልኩ።

ማታ እጁን ስከፍትለት መዳፉ ላይ ክብ ሰንበር አየሁ። ጥፍሩ ሳይሆን አይቀርም፤ ቆረጥኩለት። ለካ ጥፍሩን ማሳጠር ረስቼ ኖሯል። ይህን እንኳ ማየት ያቃተኝ ሴት እቤት ላስታምመው እላለሁ።

ማክሰኞ፣ ማርች 24

ለሻይ የማስቀምጥለት የሙቅ ውሃ ቴርሞስ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ጥሩ ነው፤ ጆይስ ፈሳሽ ይጠጣ ብላለች።

የወታደሮቹ ሳንጃ ትናንት እንደ መንጠቆ ጎብጦ ነበር፣ ዛሬ ቀጥ ብሏል። በረንዳው ፀሐይ ሲመታው ይቃናል መሰለኝ። የፕላስቲክ ነገር አይታወቅም።

ዓርብ፣ ማርች 27

ሜርቪን ደግ ሰው ነው፣ ግን እንዲህ ማድረግ አልነበረበትም።

ትናንት መጥቶ ሻይ እስካፈላ የኋላው በረንዳ ላይ ትቼው ነበር። ዛሬ ስገባ፣ እኔ ቀይ ሱሪ የቀባኋቸው አንድ ሙሉ ረድፍ ሱሪያቸው ግራጫ ሆኗል። የሊንሴይን መጽሐፍ ሳገላብጥ ለካ እነዚህኞቹ ቀላል እግረኞች ናቸው፤ ቀይ ሱሪ የመደበኛው እግረኛ ነው። ተሳስቻለሁ። ቢሆንም ሳይነግሩ ማረም ምን ይባላል? አሠራሩም ቢሆን አላማረኝም፤ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ሜርቪንም አርጅቷል።

ደወልኩለት። «ስለ ሱሪዎቹ አመሰግናለሁ፣ ሌላ ጊዜ ግን ንገረኝ» አልኩት።

«የምን ሱሪ?»

«ተው እንግዲህ ሜርቪን።»

«ቬርና፣ ሙች! ምንም አልነካሁም። የሰው ወታደር እነካለሁ እንዴ?»

የሚክደው እንዳላፍር ብሎ ነው።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 3



ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነበር። ስጠራው መልስ የለም፤ እንዴት ይመልሳል? ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ወድቆ አገኘሁት፣ ወደ በረንዳው መውረጃ ደረጃ አጠገብ። ግንባሩ ተልጧል። ዓይኑ ተከፍቶ ያየኛል። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ እግዜር ይወቀው። ሽንት ቤት ሊሄድ ተነስቶ ነው። ሽንት ቤቱ ግን በወዲያኛው በኩል ነው፤ አቅጣጫም ጠፋው ማለት ነው። ይህ ደግሞ አዲስ ነው።

ጆይስ መጥታ አየችው። አጥንት አልተሰበረም። «ብቻውን መተው የለበትም ቬርና» አለች። ሳትቆጣ ነው ያለችው፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ለሮዝሊን ነገርኳት። አለቀሰች። «ክፍሉን እንያዘው እማ፣ በቃ» አለች።

«እሺ» አልኳት።

እሺ አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። እሱ በመሬት ላይ ሲንፈራገጥ እኔ ለሰው ልጆች ዳቦ ላይ ቬጂማይት እቀባ ነበር፣ ከዚያ መጥቼ እሺ አልኩበት። ጎኑ ተኝቼ ሲተነፍስ አዳምጠዋለሁ። ከፋሲካ በኋላ ይህ አልጋ እንዴት ይተኛበታል?

ሰኞ፣ ኤፕሪል 6

ከሥራ ቀረሁ። ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ደጋግሞ የግድግዳውን ሰዓት ያያል፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ በሩን። ምን ፈልጎ እንደሆነ ጠየቅኩት፦ ውሃ? ትራስ? ሬዲዮ? ዓይኑን ጨፈነ። የሰለቸሁት መሰለኝ። ከእኔ ጋር መዋል እንኳ አስጠላው።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 8

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ካንቲን የሚተካኝ ስለጠፋ ዛሬ ግድ ሄድኩ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ጠፋ። ሁላችንንም ወደ ቤታችሁ አሉን። እየሮጥኩ መጣሁ። በጎን በኩል ባለው አጥር በር ስገባ የበረንዳውን መስታወት አልፌ ማለፍ አለብኝ።

ሊንሴይ በረንዳው ላይ ነበር።

ምርኩዙ ጠረጴዛው ላይ ተደግፏል። ሊንሴይ በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ያ የተጨበጠ ቀኝ እጁ፣ ለአራት ወር ያለቀስኩበት እጅ፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ አንድ ፈረንሳይ እንደ ሞርሳ ነክሶ ይዟል። መቆሚያው ሙሉ ለሙሉ መዳፉ ውስጥ ገብቷል። በግራው ብሩሽ ይዞ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ሱሪ ግራጫ ይቀባል። እጁ ይንቀጠቀጣል። ይጠብቃል። መንቀጥቀጡ ሲያልፍ አንዲት መስመር ይስባል። ደግሞ ይጠብቃል። ወታደሩን ማዞር ሲፈልግ በጥርሱ ነክሶ ያወጣዋል።

መስታወቱን ልመታ እጄን አንስቼ ነበር። መለስኩት።

ስጎው። ቴርሞሱ፤ ጎባጣ ሳንጃ በሙቅ ውሃ ነው የሚቃናው፣ ስንት ጊዜ ወጥ ቤቴ ውስጥ ሲነክር ሰድቤዋለሁ! መዳፉ ላይ ያለው ሰንበር። ሰኞ ዕለት በሩን ያይ የነበረው እኔ እንድሄድለት ነው። እኔ ደግሞ የሠላሳ ዓመት ጓደኛውን በሱሪ ጠረጠርኩት። አቤት ጅልነቴ!

ለምን ደበቀኝ? ሊንሴይ ያላማረ ሥራ ለሰው አሳይቶ አያውቅም። ይህን ማወቅ ነበረብኝ።

ተመልሼ ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ሄጄ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና እስኪበቃኝ አለቀስኩ፤ ከዚያ እስኪበቃኝ ሳቅኩ። ውሻ ይዞ የሚያልፍ ሰው መንገድ ቀየረ። በሰዓቴ ተመለስኩ፣ የአጥሩን በር ሁለት ጊዜ አላተምኩት፣ ከቁልፌ ጋር ጮክ ብዬ ተጣላሁ። ስገባ ወንበሩ ላይ ነበር፣ ግድግዳውን እያየ። ላብ ብሎታል። የዓመቱ ምርጥ ተዋናይ!

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 9

ሜርቪንን ጠርቼ ደረጃው አጠገብ መደገፊያ ብረት አስመታሁ።

«ለማን ነው?» አለ።

«ለጉልበቴ።»

«ጉልበትሽን ያመሻል እንዴ?»

«ከዛሬ ጀምሮ።»

ሜርቪን ምስማሩን በአፉ እንደያዘ ሊንሴይን አየት አደረገው። ሊንሴይ ግድግዳውን ያያል። ይህ ግድግዳ መቼም እንደ ዘንድሮ ተመልካች አግኝቶ አያውቅም።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 10

ሥራ ሄድኩ። ሆን ብዬ። ሁለት ጊዜ ስልክ ላነሳ ነበር፤ ስልክ ሲጮህ ደንግጦ ሊወድቅ ይችላል ብዬ ተውኩት። ስመለስ ወንበሩ ላይ ነው። በረንዳው ላይ ስድስት አዳዲስ ግራጫ ሱሪዎች።

ለሮዝሊን አልነገርኩም። ብነግራት «በዚያ ደረጃ ላይ ብቻውን?» ነው የምትለኝ፣ ደግሞም እውነቷን ነው። ምስጢሩ የሱ ነው። ግን ዝም ካልኩ ሐሙስ ዕለት ከመጦሪያው ሰው ይመጣና ነገሩ ያልቃል። ከሁለቱ የቱ ነው ክህደቱ?

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 14

ሮዝሊን መጣች። አባቷን ስታየው ከንፈሯን ነከሰች። እሷ ስላለች በረንዳ የለም። ቀኑን ሙሉ ወንበሩ ላይ። የሚሻለው ብቻውን ሲሆን ነው ብዬ ማንን ላሳምን?

ማታ ስልክ ላይ ለባሏ ስትናገር ሰማኋት። «ምንም የለም እኮ፣ ዓይኑ ውስጥ ምንም የለም» ትላለች።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 16

ከመጦሪያው ወይዘሮ ዊኒፍሬድ የሚባሉ መጡ። ቁጡ ሴት ጠብቄ ነበር፤ እንዲያውም የሚወደዱ ሆነው አረፉት። የፋሲካ ዳቦ ቀረበ፣ ሻይ ተቀዳ። ክፍሉ ዛሬ ካልተያዘ ለሌላ ሰው ይሰጣል አሉ።

«ለመሆኑ በራሳቸው የሚያደርጉት ነገር አለ?» ብለው ጠየቁ፣ ሊንሴይ እዚያው ተቀምጦ።

ሮዝሊን፣ «ማንኪያ ይይዛል። ከሱ ሌላ...» አለች።

አፌን ከፈትኩ። ሊንሴይ አየኝ። እንዳትናገሪ ይሁን ተናገሪ፣ እስካሁን አላውቅም። አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

ወይዘሮዋ ዝምታው ከብዷቸው መሰለኝ፣ እንዲደርቅ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጥኩት ትሪ ባንዲራ ያዡን ወታደር ብድግ አደረጉት፤ ባንዲራውንና ጭንቅላቱን በሁለት ጣታቸው ቆንጠጥ አድርገው። «ወይ ማማሩ! የልጅ ልጆች አላችሁ?»

«ከሥሩ!»

ማን ተናገረ? ሦስታችንም ተያየን።

«ከሥሩ!» አለ ሊንሴይ ደግሞ። ፊቱ ቀልቷል። ግራ እጁን ዘርግቷል። ድምፁ የዛገ ማጠፊያ ነው፣ ቃሉ ግን ጥርት ያለ።

ወይዘሮዋ ደንግጠው ባንዲራ ያዡን ሊጥሉት ምንም አልቀራቸው። ሮዝሊን ግን እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። «ከሥሩ ያዢው!» አለች በሳቅና በልቅሶ መሀል። «ቀለሙ ይነሳል! ከመቆሚያው ነው የሚያዘው! ልጅ ሆኜ ስንት ሺህ ጊዜ... አባዬ! አባዬ፣ ተናገርክ እኮ!»

እግሩ ሥር ቁጭ አለች። «አባዬ፣ እዚያ መሄድ ትፈልጋለህ?»

አፉ ተጣመመ። ቃሉን ፈለገው።

«አ... አልፈልግም።»

ያን ጊዜ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ስጎውን፣ ቴርሞሱን፣ መብራት የጠፋበትን ቀን፣ ለጉልበቴ ያስመታሁትን ብረት። ሊንሴይ እየሰማኝ ግንባሩን ቋጠረ፣ ከዚያ ግማሽ አፉ ሳቀ። ካወቅኩበት ዕለት ጀምሮ እሱም ሳያውቅ አልቀረም፤ የአጥሩን በር እንደዚያ ሳላትም ማን ይሞኝልኛል? ሮዝሊን ብዙ ጠየቀችኝ፣ ተቆጣችኝም፣ የሚያስቆጣ ነው። ተስማማን፦ ሜርቪን በየጠዋቱ ብቅ ይላል፣ ጆይስ በሳምንት ሁለቴ ትመጣለች፣ ክፍሉ ይቅር።

ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ባንዲራ ያዡን በመቆሚያው ይዘው በጥንቃቄ አስቀመጡትና፣ «ሥራዬ ሆኖ እንጂ እንዲህ ያለ እምቢታ ደስ ይለኛል» ብለው ወጡ። እኔ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ ፊቴን ፎጣዎቹ ውስጥ ቀበርኩ። ተገላገልኩ። ከዚህ ሌላ ቃል የለኝም፤ ተገላገልኩ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 18

ጦርነቱ ተካሄደ። ፈረንሳይ ተሸነፈች። ሜርቪን ዳይሱን ሲጥል ስድስት ብቻ ነው የሚወጣለት፤ ሊንሴይ የጣለው ሁሉ አንድ። የሚያንቀሳቅስለት ሰው ሲሰጡት እምቢ አለ። በግራ እጁ፣ እያንዳንዱን ረድፍ፣ ከሥሩ። ጨዋታው የወትሮውን እጥፍ ፈጀ፤ ማንም ሰዓት አላየም።

ትሬቨር ጎንበስ ብሎ ሲያይ፣ «እነዚህ ቀላል እግረኞች አይደሉም እንዴ? ሱሪያቸው ለምን ቀይ ሆነ?» አለ። አንድ ረድፍ እኔ እንደቀባሁት ቀርቷል፤ ቀለሙ የተድበለበለ፣ አንዱ ላይ የድመት ጠጉር ያለበት። ጊዜ አጥሮት ነው ብዬ ነበር።

«የሷ» አለ ሊንሴይ።

ትሬቨር ሁለተኛ አልጠየቀም። ሜርቪን ወደኔ ዞሮ፣ «ለሊንሴይ ስፕሬይ ይብቃው በይልኝ» አለ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 22

ሮዝሊን ትናንት ሄደች። ካንቲኑ ዛሬ ተከፈተ።

ኮቴን ለብሼ፣ ቦርሳዬን ይዤ፣ በሩ ላይ ቆሜ መሄድ አቃተኝ። ምሳህ እዚህ ነው፣ ስልኩ አጠገብህ ነው፣ ሜርቪን አራት ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ደረጃውን ስትወርድ ብረቱን ያዝ። ደግሜ ነገርኩት። ሊንሴይ ሜርቪን ያመጣለትን የካውቦይ ካርቶን በግራ እጁ እየበረበረ ነበር፤ እነሱን ደግሞ ምን ሊያደርጋቸው እንደሆነ እሱ ይወቅ።

«ወይስ ዛሬን ልቅር?» አልኩት።

ቀና አለ። አፉ ተጣመመ፣ ቃሉን ፈለገ፣ አገኘው።

«ሂጂ!» አለኝ።

በትዳራችን ዘመን ሁሉ ሂጂ ብሎኝ አያውቅም፤ ቢለኝ ኖሮ ጉድ ይፈላ ነበር። ዛሬ ግን በሩን ዘጋሁና ትምህርት ቤቱ እስክደርስ ብቻዬን እየሳቅኩ ሄድኩ።